የዋሻ ሥዕልና የቤታችን ዕቃ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቅርስና ስለ ቤተ መዘክር ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ የፈቀደልኝ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ከእኔ ቀጥሎ የልጆቹ እስክስታ ስላለ፣ በሃያ አንደኛው ደቂቃ የሚሰማኝ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ።

ይህን ርዕስ ያስነሣው ነገር ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ባለፈው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ማኅበራችን በኦሮራ ወይም በዴንቨር የራሱ የሆነ የባህል ማሳያ ክፍል ይኑረው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገሚሱ «ቤት እንከራይ፣ እንግዛ» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «ያለችን ጥቂት ገንዘብ ለልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ትዋል» ብሎ ሳንስማማ ተለያየን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን ስለ ቤቱም ስለ ገንዘቡም ከመነጋገራችን በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ ባይ ነኝ።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን «ወመዘክር» ሲል ነው የኖረው። መዘክር ማለት ማስታወሻ ማለት ነው። ቃሉን ያወጡት ሰዎች «ዕቃ ቤት» አላሉትም። ዕቃ ቤትማ እያንዳንዳችን አለን፤ ጋራዣችን ነው። ዕቃው ሞልቶ ማስታወሻው ከሌለ ያ ቤት መጋዘን እንጂ ቤተ መዘክር አይባልም። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ ልጀምር፤ ሩቅ ያልኩት ከሀገራችን ዋሻዎች ነው።

ከድሬ ዳዋ ወጣ ብሎ በገደል ላይ የሚገኝ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ ጃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አቤ አንሪ ብሮይ የተባሉ ፈረንሳዊ የቅድመ ታሪክ ሊቅ ወደ ሐረርጌ መጥተው የዚህንና የሌሎችንም ዋሻዎች ሥዕል አጥንተው፣ በዓመቱ ጽሑፍ አውጥተዋል። በ1970ዎቹ እዚያው ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ተቆጥሮና ተመዝኖ እንደ ተገለጸው፣ 4,213 ቁራጭ፣ በሚዛን 40 ኪሎ የሚሆን ቀለም የሚወጣው አፈር፣ አብዛኛው ቀይ፣ ከዋሻው ወለል ሥር ተገኝቷል። ዕድሜውም 40,000 ዓመት ያህል ነው። ከዚሁ ጋር አፈሩ የሚፈጭባቸው ድንጋዮች አብረው ወጥተዋል። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚህ እጅግ የሚያንሱ፣ የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። ቢሆንም በዚያ ስፍራ ሰው ቀለም መፍጨት የጀመረው ዛሬ ታሪክ ብለን ከምንጠራው ሁሉ በፊት መሆኑን እናያለን።

እዚያው ከድሬ ዳዋ በስተ ምዕራብ ለገ ኦዳ የሚባለው ስፍራ ደግሞ በኖራ ድንጋይ ገደል ሥር ብዙ መቶ ሥዕሎች ይዟል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ቀለም አለው። የተሣሉት በአብዛኛው ከብቶች ናቸው። የገጠር ልጅ የሆናችሁ ብታዩአቸው ቶሎ የምትሉት ነገር አለ፤ «ሻኛቸው የት ሄደ?» ትላላችሁ። ረጅም ቀንድ ያላቸው፣ ነገር ግን ሻኛ የሌላቸው ናቸው። ላታቸው የወፈረ በጎችም አሉ። በአፍሪካ ቀንድ በሚገኙ ኋለኞቹ ሥዕሎች ላይ ግን ባለ ሻኛው ከብትና ግመሉ እየገቡ ይመጣሉ። እንግዲህ አዋቂዎቹ የሥዕሉን ዘመን ከሚገምቱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ የከብቱን ጀርባ ማየት።

ወደ ደቡብ ብንወርድ ከዲላ ብዙም ሳይርቅ፣ በጌዴኦ ምድር፣ ሸፔ የተባለው ሸለቆ ይገኛል። እዚያ ያለው ሥራ በቀለም የተሠራ ሳይሆን ድንጋዩ እየተፈለፈለ ጎላ ብሎ የወጣ ቅርጽ ነው። ሃምሳ ያህል ላሞች ተከታትለው፣ ወንዝ ወርደው ውኃ ጠጥተው እንደሚመለሱ ሁሉ፣ በገደሉ ላይ ተሰልፈዋል። አካላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ከላይ እንደታየ ተደርጎ ነው የተቀረጸው፤ ግታቸው ሙሉ ነው። ቀራጩ ላም ማለብ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ማንም አይጠራጠርም። ዛሬ ግን የአካባቢው ሕዝብ የታወቀው በእንሰትና በቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ዓለም ያደነቀው ያንን ከዛፍ ጋር ተስማምቶ የሚኖር እርሻና የድንጋይ ሐውልቶቹን ነው።

ላሞቹ ሲቀረጹ የነበረው ሰው ምን ይባል ነበር? ለጸሎት ነው የቀረጸው፣ ለሠርግ፣ ወይስ ብዙ ከብት ስለ ነበረው ለኩራት? ድንጋዩ በቦታው አለ፤ ላሞቹም ቀንዳቸው ሳይሰበር አሉ። የሌለው የቀራጩ ቃል ነው። መምህራን በሥዕሉ ላይ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ አንዲት የላም ስም ግን አላገኙም። አንድ እረኛ ላሙን ያለ ስም እንደማይጠራ እናንተ ታውቃላችሁ፤ «ቦራ»፣ «ዳልቻ» እያለ ነው ከብት የሚመለሰው።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። የዴንቨር ከተማ እኅት ከተሞች ካሏት መካከል አክሱም አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተ እኅትማማችነት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላን ባቶርም እኅት ሆናለች። ስለዚህ እኛና ሞንጎሎች በዴንቨር በኩል ዘመድ ነን ማለት ይቻላል። በሞንጎሊያ አልታይ ተራሮች ውስጥ ያሉት የድንጋይ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። 12,000 ዓመት የሚሸፍን ታሪክ አላቸው ይባላል፤ መጀመሪያ የአውሬ አደን፣ ቀጥሎ ከብት እርባታ፣ ኋላም ፈረስና ፈረሰኛ። ሞንጎሎች እስከ ዛሬ ድረስ ብዙዎቹ አርብቶ አደር ስለሆኑ የጥንቱን ሥዕል ከዛሬው ሰው ዕቃ ጋር በአንድ ቤት ማሳየት ይቻላቸዋል፤ የድንጋዩ ፈረስ በአንድ በኩል፣ ኮርቻው በሌላ በኩል። ተመልካቹ ኮርቻውን ሲያይ ድንጋዩ ይገባዋል። እኔም ይህን ሳስብ የሸፔ ላሞች ፎቶግራፍ አጠገብ በወይራ የታጠነ ግሬራ ተቀምጦ፣ አንዲት ባልቴት እንዴት እንደሚታጠን ሲናገሩ ይታየኛል። ያን ጊዜ ነው ሥዕሉ ወተት ወተት የሚሸተው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በዚሁ በኮሎራዶ የለም? አለ። ከዴንቨር አምስት ሰዓት ያህል በመኪና ተነድቶ ሞንትሮዝ የምትባል ከተማ ይደረሳል። ከከተማዋ አቅራቢያ ሻቫኖ በሚባል ሸለቆ ውስጥ በድንጋይ ላይ የተጫሩ ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። በከተማዋ ደግሞ የዩት ሕንዶች ቤተ መዘክር አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ሰፍቶ እንደገና የተከፈተው በ2017 ነው። ቦታው የዩቶች አለቃ ዩሬይና ባለቤቱ ቺፔታ ይኖሩበት የነበረው ርስት ነው። ዩሬይ በ1880 ሞተ። በዓመቱ፣ በ1881፣ የዚያ አካባቢ ዩቶች በወታደር ኃይል ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ዩታ ተወሰዱ። ቺፔታም አብራ ሄደች። ከአርባ ዓመት በላይ በስደት ኖራ እ.ኤ.አ. በ1924 እዚያው ዐረፈች። በ1925 አስከሬኗ ወደ ሞንትሮዝ ተመልሶ በቀድሞ ርስቷ ተቀበረ። ያን መቃብር ቆሞ ያየ ስደተኛ ብዙ ነገር ያስባል፤ እኔ ግን አሁን ወደዚያ አልገባም።

የምፈልገው ሌላ ነው። ቤተ መዘክሩ ሲታደስ የሦስቱም የዩት ነገዶች ተወካዮች እንዲመክሩበት ተደርጓል። ዶቃው፣ ቆዳው፣ የሕፃን ማዘያው ስለ ምን እንደሆነ ራሳቸው ዩቶች ይናገራሉ። የእኛ ልጆች የሕፃን ማዘያውን ቢያዩ «ይኸ የእማማ አንቀልባ ነው» ሳይሉ አይቀሩም። በሚቀጥለው ክረምት ማኅበሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ልጆቹን ቢወስድ መልካም ነው እላለሁ። ዋሻ ልናሳያቸው እስከ ድሬ ዳዋ መውሰድ ባንችል፣ ሞንትሮዝ ለመውሰድ ቤንዚንና ምሳ ይበቃል።

አሁን ወደ ሀገር ቤት እንመለስ። አብዛኞቻችን የምናውቀው ቤተ መዘክር በስድስት ኪሎ ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነውለት ተመሠረተ። የቤተ መዘክሩን ስብስብ ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። የዕቃው አደራደር ደስ ይላል። በየብሔረሰቡ አልተከፋፈለም፤ እንደ ሰው ዕድሜ፣ ከልደት ጀምሮ በጉልምስና በኩል እስከ ሞት ነው የሚሄደው። የአፋሩም፣ የጎንደሬውም፣ የወላይታውም ልጅ በአንድ ክፍል ይወለዳል። ማኅበራችን አንድ ቀን ክፍል ቢያገኝ ከዚህ የተሻለ አደራደር ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ጠብም ይቀንሳል።

በኮንሶ የሆነው ግን ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸውና ለታላላቆቻቸው መቃብር ላይ «ዋካ» የሚባል የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ። ሌቦች እየነቀሉ ለቱሪስትና ለነጋዴ ሲሸጡ ኖሩ። የተረፉትና የተያዙት ካራት ከተማ በተሠራው ቤተ መዘክር ተሰብስበዋል። ሐውልቱ ድኗል። ነገር ግን አንድ ዋካ ከመቃብሩ ከተነቀለና ከየት እንደመጣ ያልተጻፈለት ከሆነ፣ የማን አባት እንደሆነ ማን ይናገራል? እንጨቱ ከሌባ ቢተርፍም ስሙ ተሰርቋል።

ሐረር ላይ ደግሞ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ አሉ። የመንግሥት ሹም ሳይሆኑ፣ የሐረርን የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ የዘፈን ካሴት ሳይቀር ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የራሳቸውን መኖሪያ ቤት ቤተ መዘክር አደረጉት። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው ታላቅ ሕንፃ ተዛወረ። የሐረርን ነገር የማነሣው ለቤት ገዢዎቻችን ነው። እዚያ ሰውየው ቀደመ፣ ስብስቡ ተከተለ፣ ሕንፃው መጨረሻ መጣ።

እንግዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወዳለው ጠረጴዛ ልምጣ። ዛሬ ጠዋት አባላት ያመጧቸው ዕቃዎች በጀርባችሁ ተደርድረዋል። መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሌማት፣ ጀበና ከነረከቦቱ፣ እንዝርት፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ሙቀጫ አሉ። (ሙቀጫውን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣው ሰው ለትርፍ ኪሎ የከፈለውን ሰምቼ አዝኛለሁ።) ዕቃዎቹ ያምራሉ። ወረቀቶቹን ግን አነበብኳቸው። አሥራ አራቱ ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ዕቃ»። የሸፔ ላሞች እንኳን ከዚህ የተሻለ ይናገራሉ።

በስተ ቀኝ ዳር ቆዳ የተለበጠ አገልግል አለ። ባለቤቷ ስማቸው እንዲነሣ ያልፈለጉ እናታችን ናቸው። «ይህ አገልግል ከየት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ስፌቱን እናታቸው እንደሰፉት፣ ቆዳው የፍየል እንደሆነ፣ በ1977 ዓ.ም. በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይዘውበት እንደነበር ነገሩኝ። ገዳሪፍ ሲደርሱ ምግቡ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የያዘው የቀይ መስቀል ወረቀትና የአንዲት ሕፃን ልብስ ነው። ጠፍሩ አንድ ጊዜ ተበጥሶ በሌላ ቆዳ ተቀጥሏል፤ ማን እንደቀጠለላቸውም ያስታውሳሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ያንን አገልግል ከተወለደ ጀምሮ ቴሌቪዥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሲያየው ኖሯል። ዳቦ ቆሎ እንደያዘ ዛሬ ነው የሰማው፤ ያውም እኔ ስለጠየቅሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ የእኛ ቅርስ ሁኔታ የዋሻው ተቃራኒ ነው። ዋሻው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ተናጋሪው ግን ከጠፋ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። የእኛ ዕቃ ከቦታው ተነቅሎ ኮልፋክስና ሃቫና መንገድ ድረስ መጥቷል፤ ተናጋሪው ግን ገና ከእኛ ጋር ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ባለፉት አሥር ዓመታት ማኅበራችን ስንት አባላቱን እንደሸኘ የዕድር መዝገባችን ያሳያል። ከእያንዳንዳቸው ጋር ምን ያህል ዕቃ ስሙን እንዳጣ ግን የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤት አንግዛ፤ ለጊዜው። ዕቃም አንሰብስብ፤ በየቤታችሁ ይቀመጥ። አንድ መዝገብ እንክፈት። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠው፣ ፎቶግራፍ ይነሣ። ባለቤቱ በሚጠራው ስም ይጻፍ፤ ባለቤቱ ኦሮሞ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ጉራጌ ከሆነ በጉራጊኛ፣ ትግሬ ከሆነ በትግርኛ፣ ከዚያም በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ማን ሠራው፣ ከምን ተሠራ፣ የት፣ ማን አመጣው፣ በየትኛው መንገድ፣ ሲሠራበት ምን ይባል ወይም ይዘፈን ነበር ተብሎ ይጠየቅ። ድምፁ በስልክ ይቀዳ። ሰፌድ ከሆነ ስንደዶውና አክርማው መቼ እንደሚታጨድ፣ አለላው በምን እንደሚነከር ይነገር፤ ዛሬ ገበያ ላይ በፋብሪካ ክር የሚሰፋው ይህን ሁሉ አያውቅምና። በመጨረሻ ባለቤቱ ፈቃዱን ይናገር፤ ላውሳችሁ፣ ልስጣችሁ፣ ወይስ ፎቶግራፉ ይበቃል።

ጠያቂዎቹ ልጆቹ ይሁኑ። «ገንዘቡ ለአማርኛ ትምህርት ይዋል» ላላችሁት ወገኖች መልሴ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ የቤት ሥራ የለም። «ወስፌ» የሚለውን ቃል ልጅ ከመጽሐፍ ከሚማረው ወስፌ ከያዘች አያት ቢማረው አይረሳውም። ለቤት ገዢዎቹም መልስ አለኝ። በአላሜዳ ፓርክዌይ ላይ የኦሮራ ከተማ የታሪክ ቤተ መዘክር አለ፤ የከተማው ነው፣ መግቢያውም በነፃ ነው። በከተማው ግብር እንከፍላለንና የእኛም ነው። ባዶ እጃችንን ሄደን «ክፍል ስጡን» ከማለት ሁለት መቶ ዕቃ ከነታሪኩ የያዘ መዝገብ ይዘን «ይህን ለጥቂት ወር እናሳይ» ብንል ወሬያችን ይሰማል። ቃል ገብተውልኛል ማለቴ አይደለም፤ ገና አልጠየቅናቸውም።

እስከዚያው ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ቆዳና እንጨት ይሰነጥቃል፤ ክራርና አገልግል ከማሞቂያው አፍ አጠገብ አታስቀምጡ። በአገራችን ቆዳ በቅቤ ይታሻል፤ ለሚሠራበት ዕቃ መልካም ነው፣ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን ነፍሳት ይጠራበታል። ፀሐይ የአለላን ቀለም ትበላለችና መሶቡን ከመስኮት አርቁት። ስፌት ውስጥ ነቀዝ ካያችሁ መድኃኒት አትርጩበት፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ በዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት ብታቆዩት ነፍሳቱ ያልቃሉ፤ ቤተ መዘክሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጥለት ያለው ሸማ አታጥፉት፤ በካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፣ እጥፋቱ ላይ ነውና የሚቆረጠው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በመዝገባችን የሚገባው የቤት ዕቃ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ጥንታዊ ሳንቲም ሀገር ቤት ስትሄዱ ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። ማኅበራችንም እንዲህ ያለውን ዕቃ አይመዘግብም፣ አያሳይም። በአንዱ ጎጆ የዋካ ሐውልት ጌጥ ሆኖ ቆሞ የመቃብሩ ባለቤት ልጆች ሲፈልጉት መኖራቸውን አስቡት።

ኮሚቴው ሐሳቤን ይቀበልም አይቀበል፣ የመጀመሪያው ደብተር ዛሬ ተገዝቶ መጥቷል፤ ሁለት ዶላር ከኪሴ ነው። ሁለት ወጣቶቻችን በጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። እስክስታው እንዳለቀ ቡና ይፈላል፤ ያን ጊዜ ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደ እነሱ ብቅ በሉ። ሽማግሌዎችና እናቶች ይቅደሙ፣ ቆሞ መጠበቅ ይደክማቸዋል። ቁጥር አንድ አገልግሉ ነው፤ ተጽፏል። ሙቀጫውን የሚያነሣ ጎረምሳ ግን ያስፈልገናል።